አክተሩ ገደል ላይ፦ የተራራ ፊልም ከቪዲዮ ቤት እስከ ሚሞሪ ካርድ

ገደል የሚወጣ ሰው ምስል ለጎጃም ተመልካች ከሆሊውድ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በቡሬም ይደግ በፍኖተ ሰላም፣ በሽንዲም ይደግ በወምበርማ ገጠር፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ያደገ ልጅ ዘንዶው አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ሲያወጣቸው የሚያሳየውን ሥዕል ያውቃል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚገባ ወንድ 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን አለት የሚወጣው በጠፍር ገመድ ተንጠላጥሎ ነው። ከላይ አምባ፣ ከታች ገደል፣ መሀል ላይ አንድ ሰውና የያዘው ነገር፤ የተራራ ፊልም መቶ ዓመት ያህል ሲሠራ የኖረውም ይህንኑ ነው። ከዘመን ዘመን የተለወጠው ሰውየው የሚይዘው ነገርና የሚያሳድደው ጠላት ነው።

በእኛ ሰፈር «የተራራ ፊልም» ሲባል ግን ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሲልቨስተር ስታሎን የሠራው «ክሊፍሃንገር»። አጋጣሚ ሆኖ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 1993፣ በእኛ ግንቦት 20 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ የደርግ መውደቅ ሁለተኛ ዓመት ሲከበር። ወደ እኛ የደረሰው ግን በሲኒማ አይደለም፤ በካሴት ነው፣ ያውም ከተቀዳው የተቀዳ፣ መልኩ የወየበ፣ ከላይ ከታች ነጭ መስመር የሚያቋርጠው።

ቪዲዮ ቤት ያላየ ወጣት አሁን ብዙ ነውና ስለ ቤቱ ትንሽ ላውራ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በጆንያ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል። ከፊት ከፍ ብሎ ቴሌቪዥኑ፣ ከሥሩ ዴኩ፣ ከዚያ እስከ በሩ አግዳሚ ወንበር። መብራት ባልገባበት ወይም በጠፋበት ቀን ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይንደቀደቃል፤ ቤንዚኑ ፊልሙ መሀል ካለቀ ባለቤቱ የሚሰማውን ስድብ አለመጻፍ ይሻላል። ዋናው ቀን የገበያ ቀን ነው። በርበሬውን ወይም በቆሎውን ሸጦ የጨረሰ ጎልማሳ አህያውን ለሰው አደራ ብሎ ይገባል፤ ከትምህርት ቤት የጠፋ ልጅ ደግሞ አስተማሪ እንዳያየው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። በሩ ላይ በወረቀት የሚለጠፈው ከፊልሙ ስም ይልቅ የተዋናዩ ስም ነው፤ የአርኖልድ፣ የቫንዳም፣ የጃኪ ቻን። ስታሎን ምንም ይሥራ ምን «ራምቦ» ነው። ራምቦ በረዶ ላይ፣ ራምቦ ገደል ላይ።

የቪዲዮ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ አክተሩ አይሞትም። አክተሩ ከያዘህም አትሞትም። «ክሊፍሃንገር» ገና ሲጀምር የሚያፈርሰው ይህንን ሕግ ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ተራራ ወጪና የሴት ጓደኛው ከአንድ ሹል ጫፍ ላይ መውረድ አቅቷቸዋል። ከጫፉ እስከ ሄሊኮፕተሩ የብረት ገመድ ይዘረጋል፤ ልጅቷ ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ ስትሻገር የመታጠቂያዋ ዘለበት ይሰበራል። ስታሎን በገመዱ ተስቦ ይደርስና እጇን ይይዛል። ጓንቷ ይንሸራተታል፤ ልጅቷ ትወድቃለች፤ ጓንቱ እጁ ላይ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ማወቅ አያስፈልግም። ቤቱ በሙሉ «ያዛት! ያዛት!» ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አክተሩ ያልቻለበትን ፊልም መጀመሪያ ያየነው እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ፊልም ከሌሎቹ አክሽኖች በላይ በገጠር ከተሞች የተወደደበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። በከተማ መሀል የሚካሄድ የፖሊስና የማፍያ ታሪክ ቋንቋ ካልገባህ ግማሹ ያመልጥሃል፤ ማን ማንን እንደከዳ፣ ስልኩ ላይ ምን እንደተባለ አታውቅም። ገደል ግን ተርጓሚ አይፈልግም። ታሪኩም ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ሌቦች ከአሜሪካ ግምጃ ቤት አውሮፕላን 100 ሚሊዮን ዶላር ሊዘርፉ ሲሉ ሦስቱ ሻንጣዎች ተራራ ላይ ይበተናሉ፤ ተራራውን የሚያውቁትን ሁለት የነፍስ አድን ሠራተኞች አስገድደው ያስፈልጓቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ልጅቷ ከእጁ ያመለጠችው ስታሎን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የልጅቷ ፍቅረኛ። ቂም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ መታሰራቸውን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያሻም።

ሌቦቹ ስታሎን እንዳያመልጥ ካፖርቱን አስወልቀው፣ እግሩን በገመድ አስረው ወደ ገደሉ ይሰዱታል። ሰውየው በበረዶ ላይ በቲሸርት ይወጣል። በሐምሌ የቡሬ ብርድ እንኳ ጋቢ ሳይደርብ ከደጅ የማይወጣ ተመልካች እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም ነበር፤ ሳቁ ግን የንቀት አይደለም። ሌላም አለ። ስታሎንና የሴት ጓደኛው ሌሊት ዋሻ ውስጥ ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው ያገኙትን ዶላር አንድደው ይሞቁታል። የአንድ ማዳበሪያ ጆንያ ዋጋ እያሰበ የተቀመጠ ገበሬ ይህንን ሲያይ የሚያሰማው ድምፅ ከገደሉ ትዕይንት አያንስም። የፊልም ሐያሲዎች ያላነሱት ትልቅ ትዕይንት ይኸ ነው እላለሁ።

አሠራሩም ከታሪኩ ይበልጣል። ታሪኩ የሚፈጸመው ኮሎራዶ ውስጥ ባሉት የሮኪ ተራሮች ነው ይባል እንጂ፣ ፊንላንዳዊው ዳይሬክተር ሬኒ ሃርሊን አብዛኛውን የቀረጸው ጣሊያን ውስጥ፣ በኮርቲና ዳምፔዞ ከተማ ዙሪያ ባሉት የዶሎማይት ተራሮች ላይ ነው። አንድ ሰው ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው በገመድ ሲሻገር የምናየው እውነት ነው፤ ሳይመን ክሬን የተባለው ስተንትማን በ15000 ጫማ ከፍታ የሠራው። በሜትር 4570 ግድም ይሆናል፤ የራስ ደጀን ጫፍ 4550 ነውና በራስ ደጀን አናት ትክክል ማለት ነው። ለዚያች አንዲት ትዕይንት 1 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ በጊነስ መዝገብም እጅግ ውዱ የአየር ላይ ትርኢት ተብሎ ገባ። በገደሉ ላይ ስታሎንን ተክተው ከወጡት አንዱ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ጉሊሽ ነበር፤ በዘመኑ በዓለም ላይ ከባድ የሚባለውን አለት በጣቱ የወጣ ሰው። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 በአውራ ጎዳና ላይ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ፊልሙም መታሰቢያነቱ ለእርሱ ሆነ።

እውነተኞቹ ተራራ ወጪዎች ግን ፊልሙን ብዙም አልማሩትም። እንደ ሽጉጥ እየተተኮሰ አለት ውስጥ ችንካር የሚተክለው መሣሪያ አሳቃቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ይዞ አይወጣም። በመክፈቻው የተሰበረው መታጠቂያም ጣጣ አመጣ። ብላክ ዳይመንድ የተባለው አምራች ዕቃው እንዲያ እንደማይሰበር አሳሰበና፣ መታጠቂያው ለፊልሙ ሲባል ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተለወጠ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ገባ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይህንን ያነበበ ያለ አይመስለኝም፤ ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ካሴቱ እየተመለሰ፣ የሚቀጥለው ተመልካች እየገባ ነው።

ከዚህ ወደ ኋላ ስንሄድ የተራራ ፊልም የጀመረው ያለ ሌባና ያለ ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ አርኖልድ ፋንክ የሚባል ዳይሬክተር ካሜራውን ተሸክሞ አልፕስ ላይ እየወጣ ብዙ ፊልም ሠርቷል፤ ዝነኛው እ.ኤ.አ. በ1929 ከፓብስት ጋር የሠራውና በፒትስ ፓሉ ተራራ በረዶ ላይ ስለተቆለፉ ሰዎች የሚናገረው ነው። ተዋናይቷ ሌኒ ሪፈንስታል ናት፤ በኋላ የሂትለር ፊልም ሠሪ የሆነችው። በእነዚያ ፊልሞች ጠላቱ ብርድ ነው፣ ናዳ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልፍ ጠላቱ ዩኒፎርም ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው «የናቫሮን መድፎች» ኮማንዶዎች በማዕበል ሌሊት የግሪክ ደሴት ገደል ይወጣሉ፤ በ1968 ደግሞ ሪቻርድ በርተንና ክሊንት ኢስትውድ በአልፕስ በረዶ መሀል ያለ የናዚ ቤተ መንግሥት ሰብረው ይገባሉ። ተራራው መድረክ ሆነ፤ ዋናው ነገር ተኩሱ ነው።

ኢስትውድ በ1975 «የአይገር ቅጣት» የሚባለውን ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ራሱ ሲተውን ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። ሰላይ ነው፤ ነገር ግን ገዳዩን የሚፈልገው በስዊዘርላንዱ የአይገር ተራራ ላይ፣ ገመድ አብረው ከታሰሩት መካከል ነው። በዘመኑ የተቀናበረ ምስል የለም፤ የምናየው ሰው እውነት ተንጠልጥሏል። ዋጋውም እውነት ነበር፤ በ1974 ቀረጻው ላይ ዴቪድ ኖውልስ የተባለ እንግሊዛዊ ተራራ ወጪ በወረደ ድንጋይ ተመትቶ ሞተ። ስለ ታሪኩ ከጠየቃችሁኝ ደካማ ነው፤ የስለላው ክፍል ያዛጋል። ወደ አለቱ ከደረሱ በኋላ ያለው ግን ከ«ክሊፍሃንገር» በቀር ወደር አላገኘሁለትም። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊልም እዚህ አገር የአዲስ አበባና የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ጉዳይ ነበር፤ እኛ ዘንድ እነዚህ የደረሱት፣ ከደረሱም፣ ከስታሎን በኋላ ነው። ልጅ ከአባቱ በፊት መጣ ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ካሴቱ በሲዲ እየተተካ መጣ። በዚያው ሰሞን ደረሰ «ቨርቲካል ሊሚት»፣ እ.ኤ.አ. የ2000 ፊልም፤ ታሪኩ ፓኪስታን ኬቱ ላይ፣ ቀረጻው ኒውዚላንድ። የ«ክሊፍሃንገር»ን መክፈቻ ወስዶ አባሰው፤ አባት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ በአንድ ገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ገመዱ ሦስቱን አይችልም፤ አባትየው ልጁን «ቁረጠው» ይለዋል። ልጁ ይቆርጠዋል። ይህች ትዕይንት ብቻዋን ፊልሙን ታስወድዳለች፤ የቀረው ግን በጀርባቸው ናይትሮግሊሰሪን ተሸክመው በረዶ ላይ የሚሮጡ ሰዎች ታሪክ ነው። ማጋነን ወሰን ሲያጣ ፍርሃት ይጠፋል። በዚያው ዓመት ቶም ክሩዝ በ«ሚሽን ኢምፖሲብል 2» መክፈቻ ዩታ ውስጥ በአንድ እጁ አለት ላይ ሲንጠለጠል የያዙት የብረት ገመዶች በኮምፒውተር ጠፍተዋል። ተመልካቹም ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

ምናልባት ለዚህ ነው ዘመኑ ወደ እውነተኛ ታሪክ የዞረው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኬቨን ማክዶናልድ «ታቺንግ ዘ ቮይድ» የቆረጠውንም የተቆረጠበትንም ሰው ካሜራ ፊት አስቀምጦ ያስወራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ፔሩ ውስጥ፣ 6344 ሜትር ከፍታ ባለው ሲውላ ግራንዴ ላይ ጆ ሲምፕሰን እግሩ ተሰበረ፤ ጓደኛው ሳይመን የትስ በገመድ እያወረደው ሳለ ሲምፕሰን ገደል አፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ የትስ አብሮ ሊወድቅ ሲል ገመዱን ቆረጠ። ሲምፕሰን በረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ተረፈ፣ ቀናት ሙሉ በደረቱ ተሳበ፣ ሰፈር ደረሰ። ሌባ የለም፣ ሻንጣ የለም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2008 በሠሩት «ኖርድቫንድ» ደግሞ በ1936 አይገር ላይ የሞተው የቶኒ ኩርትስ ታሪክ አለ፤ አዳኞቹ ሥሩ ቆመው፣ የገመዱ ቋጠሮ በብረት ማያያዣው ውስጥ አላልፍ ብሎ ነው እዚያው ተንጠልጥሎ የቀረው። እንዲህ ያለ ሞት ማንም ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛኸው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ኤቨረስት» በሜይ 1996 በአንድ ማዕበል ስምንት ሰው ያለቀበትን ያሳያል፤ ተዋናዩ የበዛ፣ ፊቱ ሁሉ በመነጽርና በኮፍያ የተሸፈነ ስለሆነ ማን እንደሞተ መለየት ራሱ ሥራ ነው።

ሂደቱ በ«ፍሪ ሶሎ» ጫፍ ነካ። አሌክስ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን ኤል ካፒታን ያለ ገመድ በአራት ሰዓት ገደማ ወጣው፤ ፊልሙ በ2018 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር አገኘ። ገመዱም ቀረ። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚይዘኝ ሆኖልድ ራሱ አይደለም፤ ከታች ሆኖ ካሜራውን ተክሎ ፊቱን የሚያዞረው ካሜራማን ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ዓይኑን በእጁ ከሚሸፍነው ልጅ በምን ይለያል?

ወደ እኛው ስንመለስ ገደሉ ሩቅ አይደለም። ወምበርማ በደቡብ የሚያዋስነው ዓባይ ነው፤ ሸለቆው በየቦታው ከ1000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከደጋው ወደ ቆላው እርሻ ወርዶ፣ ጭኖ ደግሞ የሚወጣ ሰው ተራራ ወጪ አይባልም፤ ሥራው ነው። ዓለም አቀፍ ተራራ ወጪ ግን እዚህ ለፊልም መጥቷል። ፓስኳሌ ስካቱሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓይነ ስውሩ ኤሪክ ቫይኸንማየር ኤቨረስት ጫፍ የደረሰበትን ጉዞ የመራው አሜሪካዊ፣ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በሰከላ ወረዳ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ከጎርደን ብራውን ጋር ዓባይን በጀልባ ይዞ በ114 ቀን ሜዲትራንያን ባሕር ደረሰ። ጉዞው በግዙፍ ስክሪን ለሚታይ ፊልም ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። የኤቨረስት ሰው ከምዕራብ ጎጃም ምንጭ ተነሥቶ በወምበርማ ሥር አለፈ፤ ከአፋፉ ሆኖ ያየ እረኛ ቢኖር ፊልም መሆኑን በምን ያውቃል?

የራሳችን ፊልም ሠሪዎች ግን ገደሉን እስካሁን አልደፈሩትም። የአማርኛ ፊልም አብዛኛው ሳሎን ነው፣ ካፌ ነው፣ መኪና ውስጥ ነው። ምክንያቱን መረዳት ይቻላል፤ ገደል ላይ መቅረጽ ገመድ የሚያውቅ ሰው፣ መድን፣ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ ሳሎን ኪራይ ብቻ ነው። ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ድረስ የወሰደው «ላምብ» ልጁንና በጉን በደጋው ሲያንቀሳቅስ ተራራ የሰው ቤት መሆኑን አሳይቷል፤ አክሽን ግን አይደለም፣ ሊሆንም አልፈለገም። ድሮን ከመጣ ወዲህ ገደላችን በዘፈን ክሊፕ ሁሉ ከላይ ይታያል። ከላይ የታየ ገደል ውብ ነው፤ የሚያስፈራው ከሥሩ ወይም ከመሀሉ ሲታይ ነው። ኢስትውድና ሃርሊን ካሜራውን ሰውየው የቆመበት ጠርዝ ላይ ነበር የሚተክሉት።

የአተያዩም ነገር ተለውጧል። ቪዲዮ ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ የቀሩትም የሚኖሩት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። በቦታቸው «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠባብ ሱቆች መጡ፤ ስልክህን ወይም ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ ስም ትጠራለህ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፊልም ለሚወድ ሰው የቀረው መንገድ እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የውጭ ሰው አማርኛ ሲናገር መስማት ተለምዷል፤ ትርጉም ፊልምም አብሮ ገነነ፤ አንድ ተራኪ ታሪኩን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ እየተረከ ያሳይሃል።

ትርጉም ፊልም ለብዙ ሰው በር ከፍቷል፤ ንግግር የበዛበት ፊልም ሲሆን እኔም አመሰግነዋለሁ። በተራራ ፊልም ላይ ግን ያበላሻል። ልጅቷ ገመዱ ላይ ሆና ዘለበቱ ሲላቀቅ የሚሰማው የብረቱ ድምፅና ነፋሱ ብቻ መሆን አለበት፤ ተራኪው እዚያ ላይ «አሁን ልጅቷ ልትወድቅ ነው» ሲል እንኳን ትንፋሽ መያዝ፣ ማዘንም አይቻልም። ስልኩም የራሱ ጉድለት አለው። የዶሎማይት ተራራ በመዳፍ ስፋት ሲታይ የስታሎን ቁመትና የገደሉ ቁመት ልዩነታቸው ይጠፋል፤ ፊልሙ ሁሉ የቆመው ደግሞ በዚያ ልዩነት ላይ ነው። በወየበው ካሴት ያየነው ተራራ፣ መልኩ ጠፍቶም፣ ትልቅ ነበር።

አሁን አዲስ «ክሊፍሃንገር» ተሠርቷል፤ ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ጃውሜ ኮሌት-ሴራ፣ ዋናዋ ተዋናይ ሊሊ ጄምስ፣ አባቷን ሆኖ የሚተውነው ፒርስ ብሮስናን። ታሪኩ በዚያው በዶሎማይት ነው፤ አጋቾች ወደ ተራራው ይመጣሉ፣ ልጅቷ በገደሉ በኩል ታመልጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከተራራ ፊልም ሲባረር የኖረው ጠላት መሣሪያውን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። «ፍሪ ሶሎ»ን ያየ ሰው ሽጉጥ የያዘ አጋች ገደል ላይ ሲያይ ይፈራ እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ ይሁንና ለአንድ ቤት ሙሉ ሰው የሚበጀው ይኸኛው ዓይነት ነው። ሆኖልድን ስታይ የምትጮህለት ነገር የለም፤ ብትጮህ ደግሞ የምታስደነግጠው ይመስልሃል። አጋች ሲመጣ ግን «ከኋላሽ ነው!» ማለት ይቻላል።